ሃይላንድ ያለው

«ቆራሌው! ሃይላንድ፣ ብረታ ብረት፣ አሮጌ ጫማ ያለው!»

በሦስተኛው ጥሪ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር ተከፈተ። ሰራተኛ ሰፈር፣ ረፋድ ሦስት ሰዓት ተኩል።

ኢክላስ ባዶ የውሃ ጠርሙስ የሞላ ጆንያ እየጎተተች ወጣች። ከዐይኗ በቀር ሁለመናዋ ጥላሸት ነው። ዘበኛው እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «አንተ ልዋጭ ነህ ወይስ ቆራሌው?» አለችው።

«እንደ ገበያው ነው፣ እቱ።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ።

ሰውየው በሰፈሩ አብዱልሃሚድ ነው። በሚሰልልለት የምርመራ ቢሮ መዝገብ «ጆሮ» ነው። እናቱ ያወጣችለትን የክርስትና ስም ማንም ከጠራው ሰባት ወር አልፎታል። ሰባት ወር ጆንያ ተሸክሞ ያዳመጠው ይህንን በር ነበር።

ከበሩ ጀርባ የቡና ገለባና ፌስታል አቅልጠው፣ ጨፍልቀው፣ እንደ ጡብ የጠነከረ ማገዶ ያወጣሉ። ዛፍ ያድናል ተብሎ ተጨብጭቦለታል። እውነትም ደግ ሥራ ነበር። ባለቤቱ ኢንጂነር ሚናስ ግን ፌስታል ሲያጥረው ያረጀ የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ መደባለቅ ጀመረ። የዚያ ጭስ ሳንባ ይበላል። ለሙከራ የተሰጣት አንዲት ወጥ ሠሪ አሥራ አንድ ቀን አንድዳው ሞታለች። ሰኞ ደግሞ ማገዶው አርባ የትምህርት ቤት ማዕድ ቤት ሊገባ ነው።

እዚያው የምትሠራው ኢክላስ ያወጣችው ማስረጃ አሁን ጆንያው ውስጥ ነው። ሦስት ጥቁር ጡብ። አረንጓዴ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ሚናስ በእጁ የጻፈው የድብልቁ ልክ።

«ዛሬ ቡታጅራ አድራለሁ አይደል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እማ እየጠበቀችኝ ነው።»

«ታድሪያለሽ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

መሐላው የእሷ ነው። እሱ ተዋሰው። እሷ አመነችው።

ነገር ከተበላሸ ምልክታቸው ቀላል ነበር። ከጥሪው ውስጥ «አሮጌ ጫማ» ከቀረ፣ ኢክላስ በጓሮ አጥር ዘላ ጊዮርጊስ የኋላ በር ወደቆመው ሰማያዊ ታክሲ ትሄዳለች። ዕቅዱን ያወጣው የጆሮ አለቃ መድኃኔ ነው። የምሥጢር ስሙ «ደወል»። ያንን ስም ከጆሮና ከቢሮው ኃላፊ በቀር የሚያውቅ የለም።

ኢክላስ ወደ ውስጥ ተመለሰች። እሱ ጆንያዋን ተሸክሞ ሃያ እርምጃ ሄደ።

ከታች በኩል ሌላ ድምፅ መጣ።

«ቆራሌው! ፕላስቲክ ያለው!»

ቆም አለ።

ፕላስቲክ? አራዳ ውስጥ በጆንያ እንጀራውን የሚበላ ሰው ሃይላንድን ፕላስቲክ አይላትም። ይህ የወረቀት ቃል ነው። ዞር ብሎ አየው። ጆንያው ከነእጥፋቱ አዲስ ነው። ጫማው ተወልውሏል።

«ቆራሌው! ሃይላንድ፣ ብረታ ብረት ያለው!»

ጫማውን አስቀረ።

በጓሮ በኩል ቆርቆሮ ተንቋቋ። የሚሮጥ ኮቴ ተሰማ። ወጥታለች። እፎይ አለ።

ባለ አዲሱ ጆንያ ግን አልተከተላትም። ወደ ግድግዳው ዞሮ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ሌላ ሰው አይሰማውም ነበር። ጆሮ ሰማ።

«ደወል፣ ወጥታልሃለች። ወደ አንተ እየመጣች ነው።»

ማምለጫው ነው ወጥመዱ። መድኃኔ ለሚናስ አድሯል።

በገዛ አፉ ነው የነዳት።

ቆራሌው አይሮጥም። ጆንያውን እንደተሸከመ ብቻ ፈጠነ። ሰውየውም ከኋላው ተከተለ። ዕለቱ የወሩ ሃያ ሦስት ነበርና ጊዮርጊስ ዙሪያው በነጠላ ነጭ ሆኗል። ታክሲው ቆሟል። መድኃኔ ነጠላውን ተከናንቦ ከፊት ተቀምጧል፤ ሊሳለም የመጣ ይመስላል። ኢክላስ የኋላውን በር ይዛለች።

አልገባችም። አንድ ነገር ከበዳት። ዞረች። በሕዝቡ መሃል በዐይኗ ፈልጋ አገኘችው።

ልግባ?

ራሱን በእምቢታ ቢወዘውዝ ትሮጣለች። ግን መድኃኔም በመስታወቱ እያየው ነው። ባለ አዲሱ ጆንያም አሥር እርምጃ አይርቀውም። ማስረጃው እዚያው ይቀራል። እሺ ካላት ግን መድኃኔ ጆሮ እንዳልነቃበት ያምናል። ስድስት ሰዓት ላይ ፒያሳ ኬክ ቤት ቀጠሮ አላቸው፤ ጆንያውን በእጁ እስኪያመጣለት ይጠብቃል።

ሁለት ሰዓት ያገኛል።

አርባ ማዕድ ቤት። አንዲት ኢክላስ።

ሰማዕቱን በልቡ ጠራው። እንደ ልማዱ አማትቦ እንኳ መጥራት አልቻለም፤ አብዱልሃሚድ ነውና።

ራሱን ነቀነቀ። ግቢ።

ፈገግ አለችለት። ገባች።

ስድስት ሰዓት ላይ መድኃኔ ማኪያቶውን እያማሰለ ጠበቀው።

«አንተ ቆራሌው! ሽታህ ቀድሞህ ገባ እኮ።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷማ ቡታጅራ መንገድ ላይ ናት። በል ዕቃውን።»

ጆሮ ጆንያውን አቀበለው። መድኃኔ አረንጓዴ ክዳን ያለውን ጠርሙስ ፈልቅቆ ወረቀቱን አወጣ። አንድ መስመር ብቻ ተጽፎበታል።

«ፕላስቲክ አይባልም። ሃይላንድ ነው የሚባለው።»

ከጎናቸው ካለው ጠረጴዛ ሁለት ሰዎች ተነሡ። እውነተኛው ጠርሙስና ጡቦቹ የቢሮው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ አንድ ሰዓት አልፏል።

«የት ናት?» አለ ጆሮ።

መድኃኔ እጁን ለካቴናው እየዘረጋ ሳቀ። «እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ? እኔ የከፈትኩት በር ነው። ግቢ ያልካት አንተ ነህ።»

በማግስቱ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ፣ ከቡና ገለባው ክምር ሥር አገኟት። ጉዳዩ ምሥጢር ነውና ያለ ስም ተቀበረች። ሰኞ ጥቁሩ ጡብ ከመጋዘን አልወጣም። አርባው ማዕድ ቤት ባሕር ዛፍ አነደደ። ልጆቹ በሉ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ከወር በኋላ ቡታጅራ ላይ አንድ ቆራሌው ቆመ። አንዲት እናት ሁለት ጠርሙስ ይዘው ከቤት ወጡ።

«አነጋገርህ የሸገር ነው፣ ልጄ። እዚያ ኢክላስ የምትባል ልጅ አለችኝ። እመጣለሁ ብላ ቀረች። አታውቃትም?»

«አላውቃትም፣ እናቴ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

ሁለተኛዋ ወላሂ እንደ መጀመሪያዋ አልከበደችውም።

ጆንያውን አነሣ። መታጠፊያው ጋ ድምፁ አንዴ ተሰማ። ሃይላንድ፣ ብረታ ብረት ያለው።

አሮጌ ጫማ አላለም። የሚሮጥም አልነበረም።