በር ዝጉ

የሙዚየሙ ሠራተኞች የወፍ ክፍሉን ኃላፊ «በር ዝጉ» ይሏታል። ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ሰው ወደ ወፍ ክፍሏ በመጣ ቁጥር ሰላምታዋ «በር ዝጉ!» ነው። አይፈረድባትም። በመሳቢያዎቹ ውስጥ የተኙት የደረቁ ወፎች በጥጥ የተሞሉ ናቸው፤ አንዲት ብል ሾልካ ከገባች የስንት ሰው የዕድሜ ልፋት ዱቄት ይሆናል። ለዚህም ነው ክፍሉ ሁለት በር ያለው። በሁለቱ በሮች መካከል ሁለት ሰው ተጣቦ የሚቆምባት መተላለፊያ አለች። የውጪው በር በደንብ ካልተዘጋ የውስጡ አይከፈትም፤ የውስጡ ካልተዘጋም የውጪው እምቢ ይላል።

ኑሮዋም ከዚህች መተላለፊያ ብዙ አይሻልም ነበር። እህቶቿ ተራ በተራ አግብተው ሲወጡ እናቷን ይዛ የቀረችው የመጨረሻዋ ልጅ እሷ ናት። እናትየዋ ደግ ሴት ናቸው፤ ዓመል የሚያወጡት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ልጃቸውን የሚፈልግ ሰው ብቅ ሲል ልባቸውን ያማቸዋል። ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ «እማማ፣ ይሄ ልብ እኔን ቀብሮ ይኖራል» ብሏቸዋል። ሕመሙ ግን የሐኪም ወሬ አይሰማም። አንድ መምህርና አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ በዚሁ ሕመም ሰበብ እንደመጡ ተመልሰዋል።

ከዚያ ክላርኔት ነፊው መጣ። ለሙዚየሙ ክፍት ቀን ሳይንስና ሙዚቃ አንድ ላይ ይቅረቡ ተብሎ፣ የሙዚቃ ቡድኑ የወፎችን ድምፅ እንዲጫወት ተወሰነ። ድምፁን አጥንቶ እንዲመጣ የተላከው እሱ ነው።

«በር ዝጋ!» አለችው።

«የትኛውን?»

«የገባህበትን።»

«ዘግቼ መውጣት ብፈልግስ?»

«አሁን ገባህ እኮ፤ ምን አስቸኮለህ?»

ከአፏ ያመለጠው ነገር ራሷን አስደነገጣት። እሱ ሳቀ፤ በሩንም ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው ያለ ይመስል ዘጋው። ይሄን አየችለት።

የደረቀ ወፍ አይዘፍንም፤ ስለዚህ እሷ ከመሳቢያው እያወጣች በፉጨት ታሰማዋለች፣ እሱ በክላርኔቱ ይከተላታል። አንድ ቀን ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ወፎች አሳየችው። ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ ነው።

«እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው። ወንዱ ይጀምራል፤ ሴቷ ከአፉ ተቀብላ ትጨርሰዋለች። ከፍጥነታቸው የተነሳ የሰማ ሁሉ አንድ ወፍ ነው ብሎ ይምላል።»

«ካልመለሰችለትስ?»

«ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ደጋግሞ ይጠራታል፤ በመጨረሻ ይተዋል።»

መሳቢያውን ለመዝጋት እጇን ስትሰድ የሱም እጅ እዚያው ነበር። ሁለቱም አላነሱም።

ቡድኑ ከክፍት ቀኑ በኋላ ሩቅ ከተማ ሊሄድ ነው፤ ቋሚ ሥራ ተገኝቶለታል። ክላርኔት ነፊው እንድታገባውና አብራው እንድትሄድ ለመናት። «እናቴ...» አለችና ወፎቹን ወደ መሳቢያቸው መመለስ ጀመረች።

«ራስሽን አታስጨንቂ» አላት። «በክፍት ቀኑ የወንዱን ወፍ ድምፅ እነፋለሁ። እሺ ካልሽኝ ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ሆነሽ በፉጨት ጨርሺልኝ። ሦስቴ ጠርቼሽ ዝም ካልሽ እተዋለሁ። አልቀየምሽም።»

በክፍት ቀኑ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሙዚቀኞቹ ከጣሪያው ከተንጠለጠለው የዓሣ ነባሪ አጥንት ሥር ተቀመጡ። እሷ ሰገነቱ ላይ፣ ከወፍ ክፍሉ በር አጠገብ ቆማለች፤ እናቷ ባለቤታቸው በሕይወት ሳለ የገዛላቸውን ሰማያዊ ሻርፕ ጣል አድርገው ከጎኗ አሉ። ክላርኔት ነፊው ቀና ብሎ አያት። አንዴ ብቻ ነው ያየው፤ ለእናት ግን አንዴም ይበዛል።

«ልቤን!» አሉ ደረታቸውን ይዘው።

ወፍ ክፍሉ ውስጥ ወንበር አለ፣ ውሃም አለ። ደግፋ እየጎተተች መተላለፊያዋ ውስጥ አስገባቻቸውና በሩን በችኮላ ጠረቀመችው። የውስጡን ልትከፍት ስትል እምቢ አለ። ወደ ውጪው ዞረች፤ እሱም እምቢ አለ። ዕድሜዋን ሙሉ በር ዝጉ ስትል የኖረች ሴት በሩን የዘጋችው በእናቷ ሻርፕ ላይ ነው። ጨርቁ ከመቆለፊያው ምላስ ጋር ተጠቅልሎ ተቀርቅሯል።

መታች፣ ተጣራች። ከውጪ የሚሰማት የለም። ሙዚቃው ግን ከጣሪያው ሥር ባለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ቀጭን ሆኖ ይገባል። ክላርኔቱ የወንዱን ወፍ ድምፅ ነፋ፤ እኩሌታው ላይ ቆመ።

ከሽርጧ ኪስ ላባ የምታስተካክልበትን ትንሽ መቀስ አወጣች።

«እማዬ፣ ሻርፑን ልቁረጠው።»

«እጅሽን ሰብስቢ! ከአባትሽ የቀረኝ ይሄ ነው። ሲያልቅ ሰው መጥቶ ይከፍትልን የለ?»

«ሲያልቅማ አለቀ!»

«ምኑ ነው የሚያልቀው?»

ክላርኔቱ ሁለተኛ ጠራ። መልስ ሲያጣ ቡድኑ በሌላ ወፍ ድምፅ ቀጠለ። ያን ጊዜ እንባዋ አመለጣት፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ እናቷ።

«ጥሩ ሰው ነው። በር ይዘጋል።»

የእናቷ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ደረታቸው ሄደ። ቦታው ስለጠበበ ደረት ለደረት ነው የቆሙት፤ የልባቸው ምት በልብሷ አልፎ ይሰማታል፣ አንድም ሳይዛነፍ።

«እማዬ፣ ልብሽ ደህና ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ እናቷ ቀስ ብለው። «የቤቱ ጭር ማለት ነው የሚያመኝ። ለሱ ደግሞ ሐኪም የለውም።»

ተናዳባቸዋለች፤ አንጀቷንም በልተውታል።

እናቷ ቁና ቁና ተነፈሱ። «እኔ አሁን እዚህች ጉድጓድ ውስጥ ጥቂት ብቆም ትንፋሽ አጠረኝ። አንቺስ ስንት ዓመት ቆምሽ?» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «መቀሱን አምጪ።»

ራሳቸው ቆረጡት። «ግማሹ ይበቃኛል» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አይታወቅም። እሷ የቀረውን ከመቆለፊያው ምላስ ሥር ከኪሷ ባወጣችው ወረንጦ ጎትታ አወጣች። በሩ ተከፈተ።

ክላርኔት ነፊው መሬት መሬቱን እያየ ለመጨረሻ ጊዜ ነፋ። የመጨረሻዋ ድምፅ ሳትወድቅ «በር ዝጉ» ከሰገነቱ ላይ በፉጨት ተቀበለችው። እሱ ቀና ሳይል ደገመ፤ እሷም ሳታዛንፍ ጨረሰች። ክላርኔቱን ዝቅ ሲያደርግ ፊቱ በእንባ ርሷል።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰገነቱ ላይ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቁልቁል ሲያይ የነበረ አንድ ሰውዬ «ይገርማል እኮ፤ ይሄን ሁሉ የሚለው አንድ ሰው ብቻውን ነው!» አለ።

እናትየዋ የተቆረጠውን ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ እያስተካከሉ ገላመጡት።

«ሁለት ናቸው» አሉት። ዞረውም የወፍ ክፍሏን በር ዘጉላት።