በምስክር የተሰጠ እጅ

ምንትዋብ ሥራ የምትጀምረው እጇን በማሞቅ ነው። በደብረ ብርሃን ጠዋት በቀዘቀዘ እጅ የሰው ወገብ የሚነካ ባለሙያ፣ በሽተኛው ከአልጋው ዘሎ ሲወርድ ማየቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከመስኮቱ ሥር የተጣደችውን የቀለጠ ሰም ያለባትን ድስት ትከፍትና ሁለት እጇን ነክራ ታወጣለች፣ ሰሙ ቆዳዋ ላይ እስኪረጋ ትጠብቃለች፣ ከዚያ እንደ ጓንት ገፍፋ ትጥለዋለች። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለ ጠባብ ቤት ሲሆን፣ የሰም፣ የቅባትና የእርጥብ አንሶላ ሽታ ከግድግዳው አይለቅም። በቀኝ አውራ ጣቷ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ ተማሪ ሳለች ሰሙ ሳይበርድ የነከረችበት ቀን ማስታወሻ ናት።

ወደዚህች ክፍል የሚመጡት ሰዎች ከመታመማቸው በላይ መናደዳቸው ይብሳል። ጉልበቷ አልታጠፍ ያላት ሴትዮ፣ ትከሻው የደረቀበት የጭነት መኪና ሾፌር፣ ወንበር ላይ ተጎልቶ አንገቱ የተቆለፈበት የባንክ ሠራተኛ፣ ሁሉም መርፌ ጠብቀው ይመጡና «እንቅስቃሴ ነው መድኃኒቱ» ሲባሉ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ምንትዋብ አትከራከራቸውም። የታመመውን ቦታ በቀለበት ጣቷ ሦስት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለች፤ ከዚያ በኋላ አውራ ጣቷ መንገዱን ራሱ ያውቀዋል፣ ከቆዳ ሥር እንደ ባቄላ ፍሬ የተቋጠረውን ጡንቻ ፈልጎ ያገኘዋል። ትዕግሥት ያለው ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ከተመላለሰ በሁለት ወሩ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ትከሻው ይነሳል። ክፍሉ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ የሚበልጠው የእሷ ቀኝ እጅ መሆኑን ኃላፊዋም ያውቃል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ኮንትራቷ እየታደሰ የቆየችው፣ የስምንት ዓመት ልጇን ሶልያናንም ለብቻዋ የምታሳድገው በዚሁ እጅ ነው።

ሶልያና ያላትን ሁሉ የምትሰጥ ልጅ ናት። እርሳሷን ሰጥታ ትመጣለች፣ ምሳዋን ሰጥታ ተርባ ትመጣለች፣ አንድ ቀን ደግሞ በዚያ ብርድ ሹራቧን ለክፍል ጓደኛዋ አልብሳ እየተንቀጠቀጠች መጣች። ምንትዋብ ትቆጣታለች፣ ነገር ግን በሆዷ ትኮራባታለች።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል መመላለስ የማይችሉትን እቤታቸው እየሄደች ታያለች። ከእነዚህ አንዱ አቶ ጥላዬ ናቸው፤ አርባ ዓመት ዳኛ ሆነው የሠሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ በስትሮክ ቀኝ ጎናቸው የተያዘ ሽማግሌ። ቤታቸው በባሕር ዛፍ የተከበበ ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ እንኳን ሳሎኑ ደንገዝገዝ ያለ ነው፤ ግድግዳው ጥግ እስከ ጣሪያ የተቆለሉት የድሮ መዝገቦች የሻገተ ወረቀት ሽታ ይረጫሉ፣ የግድግዳ ሰዓቱ ከአንዱ ምት ወደ ሌላው ለመድረስ የሚያስብ ይመስላል። አቶ ጥላዬ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ከመስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ሆኖ ይጋደማል። ሁለት ወር ሙሉ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆይታ አንዲት ጣት እንኳን ንቅንቅ አላለችም። የሽማግሌው ተስፋ መቁረጥ ከእሳቸው ይልቅ እሷን ያማት ጀመር።

የቀራት ዘዴ መስታወት ነበር። በሁለቱ እጆች መሀል መስታወት ይቆማል፣ በሽተኛው የደህናውን እጅ ምስል እያየ የታመመው የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል፣ አንጎልም ቀስ በቀስ ተታሎ የረሳውን እጅ ያስታውሳል። ከሆስፒታሉ ተውሳ በባጃጅ ስትመጣ ግን ኮብልስቶኑ መስታወቱን ከመሀሉ ሰነጠቀው። ምንትዋብ ባዶ እጇን መመለስ አልወደደችም። የሽማግሌውን ቀኝ እጅ ጋቢው ውስጥ ሸሸገችው፤ ከጎናቸው ተጠግታ ተቀመጠችና የራሷን ቀኝ እጅ በጋቢው ሥር አሳልፋ የእሳቸው መውጣት በነበረበት በኩል አወጣችው። አቶ ጥላዬ ዝቅ ብለው ሲያዩ ከጋቢያቸው የወጡ ሁለት እጆች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ግራ እጅዎን ሲከፍቱ እኔም እከፍታለሁ፣ እያዩት «ይህ እጄ ነው» ይበሉ አለቻቸው።

አቶ ጥላዬ ግን እምቢ አሉ። የሰው የሆነውን የእኔ ነው ብለው እንደማያውቁ፣ በሰባ አራት ዓመታቸውም እንደማይጀምሩ ነገሯት። ለሕክምና ነው ብትላቸው፣ ቃል ብቻ ነው ብትላቸው፣ አልሰማ አሉ። በመጨረሻ ሚስታቸውን ወይዘሮ አስካለን ከጓዳ አስጠርተው ፊት ለፊታቸው አቆሟቸው።

«እጁን የሰጠሽኝ እንደሆነ፣ በምስክር ፊት ስጪኝ» አሉ።

ምንትዋብ ሳቋ መጣ። ሆኖም የሽማግሌውን ዓይን ስታይ ሳቁ ጠፋና በእውነት አዘነችላቸው፤ ይህ ሰው ዳግመኛ ማንኪያ ቢይዝ ብላ ከልቧ ተመኘች። «ሰጥቼዎታለሁ፣ አባባ» አለቻቸው። ወይዘሮ አስካለ መስማታቸውን በአንገታቸው አረጋገጡ። በዚያች ቅጽበት ምንትዋብ እጇን ምንጭ ውኃ ውስጥ የከተተች ያህል በረዳት፣ ወዲያው ግን ለቀቃት። አቶ ጥላዬ ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አሉና በተኮላተፈ አንደበታቸው «ይህ እጄ ነው» አሉ።

በአራተኛው ቀን ጋቢው ውስጥ የተሸሸገው እጃቸው ትንሿን ጣት አነቃነቀ። ምንትዋብ እልል ማለት ነበር የቀራት፤ በማግስቱ ሆስፒታል ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ አወራች። የዚያኑ ዕለት የጭነት መኪናው ሾፌር አልጋው ላይ ተጋድሞ እጅሽ ዛሬ ምነው ቀዘቀዘ አላት። ሰሙ ውስጥ ደግማ ነከረችው። አውራ ጣቷ ትከሻው ላይ ወዲያ ወዲህ አለ፣ የሚያውቀውን ቋጠሮ ግን አጣው። ደክሞኛል ብላ አለፈችው።

ሳምንታት ሄዱ። አቶ ጥላዬ መጀመሪያ ባቄላ ለቀሙ፣ ቀጥሎ ማንኪያ ያዙ፣ ቀጥሎ ስማቸውን ጻፉ። አንድ ቀን ከሰዓት ምንትዋብ ስትገባ ሽማግሌው እያንቀላፉ ነበር፤ ቀኝ እጃቸው ግን አላንቀላፋም። ጠረጴዛው ላይ በቀለበት ጣቱ ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፣ ያርፋል፣ እንደገና ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። የግድግዳው ሰዓት ምት ከእሱ ጋር ሲደባለቅ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ መሰላት። ይህን አስተምራቸው አታውቅም፤ ጀርባቸው ላይ ስታደርገው ተሰምቷቸው ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ጠጋ ስትል ከእጁ የምታውቀው ሽታ ሸተታት፣ የሰምና የቅባት ሽታ። አውራ ጣቱ ላይ ትንሽ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረች።

ወደ በሩ ወጥታ የራሷን አውራ ጣት በፀሐይ አየችው። ቆዳው ልሙጥ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ እስከ አጥር ሸኟት። አሥር ዓመት ያሠቃያቸውን ጉልበት ባለቤታቸው ትናንት ዳሰስ ዳሰስ አድርገው እንዳሻሏቸው፣ ማንም ሳያሳያቸው የታመመውን ቦታ እንዳገኙት ነገሯት። ይህን ሲሉ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ዓይኗን ግን አላዩም።

በማግስቱ ጠዋት የሶልያናን ጸጉር ስትጎነጉን ጣቶቿ ጉንጉኑን ለቀቁት። ደግማ ያዘች፣ ደግመው ለቀቁት። ልጅቷ ዞር ብላ እጇን ያዘችላትና «እማዬ፣ እጅሽ ተኝቷል?» አለቻት። ምንትዋብ የልጇ መዳፍ ሲነካት አየች እንጂ አልተሰማትም። ሶልያና እጁን ወደ ፊቷ አስጠግታ አሸተተችውና አፍንጫዋን ሸበሸበች፤ የአሮጌ ወረቀት ሽታ አለው አለች።

ሐኪሞቹ መረመሯት፣ ነርቭሽ ደህና ነው፣ ጡንቻሽም ደህና ነው አሏት። ባልደረባዋ እጇን ሰም ውስጥ ነከረላት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት፣ በኤሌክትሪክ አነቃቃላት፤ ለሌላው ሰው ሁሉ የሠራው ለእሷ አልሠራም። በወሩ መጨረሻ ኃላፊዋ አስጠርቶ፣ እያፈረ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተሻላት ኮንትራቷ እንደማይታደስ ነገራት። ምንትዋብ ፈራች። በአንድ እጅ ወገብ አይታሽም፣ ልጅም አያድግም። ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደ አቶ ጥላዬ ቤት ሄደች።

ከበሩ ውጭ ሰው ተሰልፏል። ጉልበታቸውን በሻርፕ ያሰሩ ሴቶች፣ ወገባቸውን የያዙ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትከሻው የደረቀው ሾፌር ክንዱን ወደ ላይ እያነሳና እያወረደ፣ እየሳቀ ሲወጣ አጥሩ ላይ ተገናኙ። አንገቱን ደፍቶ አለፋት።

አቶ ጥላዬ ብቻቸውን እስኪሆኑ ጠበቀች። «አባባ፣ እጄን ይመልሱልኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው አልደነገጡም፣ አልካዱምም። የማንንም ነገር ቀምተው እንደማያውቁ፣ ይህንንም በምስክር እንደተቀበሉ ረጋ ብለው ነገሯት። አፍ ብቻ የሰጠው አይሄድም ነበር፣ ከልብሽ ስለነበር ነው የሄደው አሏት። እንግዲያው እርስዎም ሰጥቼሻለሁ ይበሉኝ ብላ ለመነቻቸው። ወይዘሮ አስካለ ሳይጠሩ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። አቶ ጥላዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አላቀቁ፤ ሰዓቱ መታ፣ ቆየ፣ ደግሞ መታ፤ ውጭ ሰው እየሳለ ይጠብቃል። ሲገልጡት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል፣ ልጄ። ልቤ እምቢ አለ።»

ከዚያ የሞተውን እጇን አነሱ። በቀለበት ጣታቸው ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረጉና አውራ ጣቱ ከክንዷ ጀምሮ ወደ ታች እየፈለገ ወረደ፣ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆመ፣ የሚጫንበት ቦታ ላይ ተጫነ። ምንትዋብ ምንም አልተሰማትም፤ ግን ታይ ነበር፣ አንድም ስሕተት አላገኘችበትም። የራሷ ሥራ ነበር። ሲጨርሱ እጇን ጭኗ ላይ በጥንቃቄ መልሰው አስቀመጡላትና፣ እንደ መጽናኛ፣ «አንቺን የመሰለች ልጅ ከልቡ የሚሰጣት ሰው አታጣም» አሏት።

መንገድ ላይ ቃሉን ስታስበው በራሷ አፈረች። ሆስፒታል ሄዳ ባልደረባዋን አሰበች፤ እሱም እጁ እንጀራው ነው፣ አይሰጥም። አከራይዋን እትዬ ጀማነሽን አሰበች፤ እሳቸው ክብሪት ሲሰጡ እንኳን እንጨቱን ይቆጥራሉ። ሁለት ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ አዲስ ሰው እያሰበች ሳለ፣ ከሰው ሁሉ ስታልፈው የቆየችው አንድ ስም ነበር። ዓርብ ዕለት ኮንትራቷ እንደማይታደስ የሚገልጸው ደብዳቤ ደረሳት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። እትዬ ጀማነሽ በረንዳው ላይ፣ የተከፈተው በር አጠገብ ምስር ይለቅማሉ፤ ጠጠሩ ትሪው ላይ ሲወድቅ ይሰማል። ሶልያና ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትጽፋለች። ምንትዋብ ከኋላዋ ቆማ ብዙ ጊዜ አየቻት፤ የተጎነበሰች አንገቷን፣ እርሳሱን አጥብቀው የያዙ ጣቶቿን። ከዚያ ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ሁለታቸው ላይ ጣል አደረገችና የራሷን ቀኝ እጅ ከውስጥ ሸሸገችው። የልጅቷን እጅ ከነእርሳሱ በነጠላው ጫፍ አውጥታ ከፊቷ አስቀመጠችው። እትዬ ጀማነሽ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ብለው ከበሩ ቀና አሉ። ሕክምና ነው፣ ይስሙልን ብቻ አለቻቸው ምንትዋብ፤ ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖባት ነበር።

እጅሽን ትሰጪኛለሽ? ብላ ስትጠይቃት ሶልያና ሳቀች። «ይሻልሻል ግን?» አለች።

ምንትዋብ በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች።

«እሺ፣ ሰጥቼሻለሁ» አለች ልጅቷ፣ ሹራቧን የሰጠች ቀን በተናገረችበት ድምፅ።

ምንትዋብ «ይህ እጄ ነው» አለች፤ ነጠላው ውስጥ ጣቶቿ አንድ በአንድ ሞቁ፣ እርሳሱም ከጠረጴዛው ተንከባልሎ መሬት ወደቀ።