ቀይ ክር የታሰረበት ቴፕ

ድንቡሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። መኖሪያቸውም መሥሪያውም ያችው አንዲት ክፍል ናት። ልጆች፣ ቤቱን ብታዩት! ከአልጋው ሥር የተፈታ ሬዲዮ፣ ከድስቱ አጠገብ ድምፅ ማጉያ፣ በየምስማሩ ሽቦ።

አንድ ቀን እናቷን ምርር አላት። "እኛ እኮ እንግዶች ነን! የቤቱ ባለቤቶች ሬዲዮኖቹ ናቸው!" አለች።

አባት ሳቀ። "እሺ፣ የማይረባው ይውጣ" አለ። ድንቡሼንም ጠራት። "ሆዱ ባዶ የሆነውን ሬዲዮ ሁሉ ጆንያ ውስጥ ክተቺ። ቀይ ክር የታሰረበትን ግን እንዳትነኪ፤ የሰው አደራ ነው። ከተጠራጠርሽ ጠይቂኝ፣ እሺ?"

"እሺ አባዬ።"

እሺ ማለት መቼም ቀላል ነው።

አባትና እናት የተሰበረውን ቁም ሣጥን ተሸክመው ሲወጡ፣ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው በሩ ላይ ደረሰ። ቢራቢሮ ያለበት የፀጉር ጌጥ ይዟል። ድንቡሼ ዓይኗን ከጌጡ መንቀል አቃታት።

ሰውየው ጆንያውን አነሣና፣ "የኔ እመቤት፣ ይሄ እንደ ላባ ቀለለኝ። አንድ ከበድ ያለ ጨምሪና ጌጡን ውሰጂ" አላት።

መደርደሪያው ላይ አንድ ቴፕ ነበር። ክዳኑ ተሰንጥቋል፣ አቧራ ጠጥቷል። ቀይ ክርም ታስሮበታል። "አባዬን ልጠይቀው ይሆን? ብጠይቀው ግን እምቢ ይለኛል" አለች በሆዷ። ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

በማግስቱ አንዲት አሮጊት መጡ። "ልጄ፣ ቴፔ ደረሰልኝ? የሟቹ ልጄ ድምፅ ያለው ውስጡ በተቀረቀረው ካሴት ላይ ብቻ ነው" አሉ።

"ዛሬ ቀስ ብዬ አወጣዋለሁ፣ እማማ" አለ አባት። እጁን ወደ መደርደሪያው ዘረጋ። ቴፑ የለም።

ድንቡሼ እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች። አባት ጫማ እንኳ ሳያደርግ ወደ ዕቃ ሰብሳቢው ግቢ ሮጠ፤ እሷም ተከተለችው። ሰውየው በአመድ ክምር አጠገብ ቆሞ ነበር።

"ውይ፣ ወንድሜ! ፕላስቲኩን አቃጥዬ መዳቡን አወጣሁት እኮ" አለ።

አባት አመዱን በእጁ በተነው። የቀለጠ ጥቁር ነገር ብቻ አገኘ።

ሲመለሱ ድንቡሼ አሮጊቷ እግር ላይ ወደቀች። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

አሮጊቷ ራሷን ዳበሱት። "ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ" አሉ። ከዚያ ባዶውን መደርደሪያ አዩ። "ግን አሁን ቤቴ ገብቼ ማንን ልስማ?"

አባት አንገቱን ደፋ። እናትም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሮጊቷ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ድንቡሼ ተንበርክካ ጸለየች፤ ደግማ ደጋግማ ጸለየች። እግዚአብሔር የተጸጸተን ይምራል፣ ልጆቼ፤ ያ ድምፅ ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ ቤት ስታጸዱ የራሳችሁን ጣሉ፤ የሰው የሆነውን ግን፣ የማይረባ ቢመስላችሁም፣ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትጣሉ።