ሁለቴ ካንኳኳች ቀጥዪ ማለት ነው

ፈጠራ ነው የሚል ሰው እዚሁ ላይ ይተወው። ለማሳመን ጊዜ የለኝም።

ወልድያ መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ረዳቱ መርሳ፣ ውርጌሳ እያለ ይጣራል። እስኪሞላ ልጨርሰው።

የሆነው መርሳ ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ 2014 ጥቅምት ላይ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ።

ከጎረቤቴ ከትብለፅ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ እንጋራለን። ትውልዷ ከትግራይ ነው፣ መርሳ ግን ከኔ በፊት የኖረች ናት። መንገድ ዳር ፓፓያና ማንጎ ትነግዳለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ግን አንቺ ነው የምንባባለው።

እኔ አጭር ልብወለድ እጽፋለሁ። አዲስ አበባ ላለ አንድ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት እልካለሁ። አይቀበሉኝም። ሌላ እልካለሁ።

ከመላኬ በፊት ለትብለፅ አነባለሁ። ጀርባዋን ስለሚያማት ከሥራ ስትገባ አልጋዋ ላይ ጋደም ትላለች። አልነሳልሽም፣ እዛው ሆነሽ አንብቢ ትለኛለች። ግድግዳው ስስ ነው። ሁሉም ይሰማል።

አንዴ ካንኳኳች... ይውጣ።

ሁለቴ ካንኳኳች... ቀጥዪ።

"ሰውየው ሊሞት ነው፣ አንቺ ስለ ደመና ታወሪያለሽ" ብላ ትስቅብኝ ነበር። ደመናውን አወጣዋለሁ። ልክ ነበረች።

ክረምቱ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ በሯ ከውጭ ተቆልፏል። ትልቅ ጓጉንቸር።

አንዱ ወሰዷት አለ። ሌላው ቆቦ ወንድሟ ጋ ሄዳለች አለ። ስልኳ ዝግ ነው። የቆቦ ስልክም አይሠራም።

እኔ የማውቀው መጻፍ ነው። ጎረቤቷ የጠፋችባት ሴት ብዬ ጻፍኩና ላክሁት።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰልኝ። ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻ የለውም አለኝ። ሴትየዋ የት ደረሰች? ጻፊና ላኪ፣ ቦታ ይዘንልሻል።

ያንን መልስ ስንት ዓመት ነው የጠበቅኩት።

የት እንደደረሰች ግን አላውቅም።

ከዛ ጦርነቱ እኛ ጋ ደረሰ። መብራት ጠፋ። ኔትወርክ ጠፋ። ቤታችን ተቀመጥን።

ከሰዓት በኋላ መርሳ ጭጭ ይላል። ባጃጅ የለም። የልጅ ድምፅ የለም። ኔትወርክ ሲመለስ ቶሎ እንድልከው መጨረሻውን እሞክር ጀመር። በልማድ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩ።

"ሴትየዋ ተመለሰች። በሯን ከፈተች።"

ኳ።

አንዴ።

ወጥቼ በሯን አየሁ። ጓጉንቸሩ እንዳለ ነው። ሸረሪት አድርቶበታል።

አይጥ ነው አልኩ።

በማግስቱ ሌላ ጻፍኩ። "ሴትየዋ ወንድሟ ጋ ደረሰች።"

ኳ።

ድሮ የምታንኳኳው ከአልጋዋ በኩል ነበር። ይሄኛው ግን ልክ ከፊቴ ትይዩ ነው።

ወንበሬን ወደ በሩ ጠጋ አደረግኩ። ያንኑ መልሼ አነበብኩ።

ኳ...

ተከትሎኝ መጥቷል።

ሳምንቱን እንዲህ ከረምኩ። ሱዳን ተሻገረች አልኩ። ስሟን ቀይራ ደሴ ተደበቀች አልኩ። ሁሉም ተሰረዘ። ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ ባሰብኝ።

አንድ ቀን ቶይባ መጣች። ግቢያችን ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ከባሏ ጋር። በሳህን ዱቄት ይዛልኝ ነበር። ሰው አገኘሁ ብዬ አዲሱን መጨረሻ አነበብኩላት።

"ሴትየዋ መንገድ ላይ ሞተች።"

ኳ።

ቶይባ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች።

"ማነው?" አለች በሹክሹክታ።

"አይጥ።"

"አይጥ... አንብበሽ እስክትጨርሺ ይጠብቃል?"

ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ሙሌ፣ ተይው ይሄን ነገር።"

"መጨረሻ ያስፈልገኛል።"

"አዑዙ ቢላህ... ምን ዓይነት ሰው ነሽ?"

ባሏን ኑርሁሴንን ጠራችው። በመስኮቱ ስንጥቅ በባትሪ አየ። ደጋግሞ ስሟን ጠራ። የሚመልስ የለም። አልጋና ወንበር ብቻ ነው ያለው፣ ሰው የለበትም አለን። ወንበሩ የት እንዳለ አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

እነሱ ሲሄዱ ተቀመጥኩ። ወረቀት አልያዝኩም። ደክሞኝ ነበር። ዝም ብሎ ከአፌ ወጣ።

"ሴትየዋ... ከቤቷ አልወጣችም።"

ፀጥ አለ።

ረጅም ፀጥታ...

ኳ ኳ።

ቀጥዪ።

አልቀጠልኩም። በሩን ቆልፌ ወጣሁ። እነ ቶይባ ቤት አደርኩ። ኔትወርክ እስኪመለስ እዛው ነበርኩ።

ሁለት ሰው ቀረው መኪናው። ላሳጥረው።

ኔትወርክ ሲመለስ ያቺን መስመር ላክኋት። አዘጋጁ ወሰድነው አለኝ፣ እንዴት መጣልሽ ብሎም ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም። መጽሔቱ ወጣ። ስሜ ታትሟል። አንድ ቅጂ በሰው ደረሰኝ።

በዛው ሰሞን የትብለፅ ወንድም ሰመረ ከቆቦ መጣ። እንደገባ እህቴስ አለ።

"አንተ ጋ አይደለችም እንዴ?"

"እኔ ጋ? እዚህ ያለች መስሎኝ እኮ ነው የመጣሁት።"

ጓጉንቸሩን በመዶሻ ሰበረው። ተከትዬው ገባሁ።

ባዶ ነው። አልጋው ተነጥፏል። መሬቱ አቧራ ለብሷል፣ የሰው ዱካ የለበትም።

ወንበሩ ከኔ ግድግዳ ጋር ተለጥፏል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ሰው ቢቀመጥበት ጉልበቱን የሚያስገባበት ቦታ የለም።

ከፊት ለፊቱ ጭቃው ሰርጉዷል። የጣት አንጓ የሚያክል ጉድጓድ። እስከ በሩ ድረስ ተደርድሯል... እኔ ወንበሬን ያስጠጋሁበት ሁሉ።

"ይሄ ምንድነው?" አለኝ ሰመረ።

መጽሔቱ እጄ ላይ ነበር። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ገለጥኩና የመጨረሻዋን መስመር ለግድግዳው አነበብኩ።

"ሴትየዋ ከቤቷ አልወጣችም።"

ቤቴን ቆልፌው ነው ሰመረን የተከተልኩት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። የምኖረው ብቻዬን ነው።

ከኔ ቤት በኩል...

ኳ ኳ።