የአሸዋው ከረጢት

ታላቁ ጦርነት ካበቃ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ከከተማው በስተ ምሥራቅ ያለው ሜዳ ዝናቡ ካባራ ወዲህ ገና በቅጡ አልደረቀም፤ በዝቅተኛው ዳር ውሃ አቁሮ ሰማዩን እንደ መስተዋት መልሶ ያሳያል፤ በከፍተኛው ዳር ግን ሣሩ ታጭዶ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ ለአውሮፕላን መንደርደሪያ የሚበቃ ቀጥ ያለ መንገድ ወጥቶለታል። በመንገዱ ጫፍ ቀድሞ የጣውላ ማከማቻ የነበረ ባለ ቆርቆሮ መጋዘን ቆሟል።

ዘመኑ ሰው በየጓሮው አውሮፕላን የሚሠራበት ዘመን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የወታደር ብቻ የነበረው ሰማይ፣ ሰላም ሲወርድ ለብስክሌት ጠጋኙም ለመምህሩም ለሰዓት ሠሪውም የሚበቃ መስሎ ታየ፤ ንድፉ በጋዜጣ ይወጣል፤ ሞተሩ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ይፈታል፤ ክንፉ በሸራ ይለበጣል። ብዙዎቹ ከመሬት ሳይነሡ ቀሩ፤ ከተነሡትም መካከል በዚያ ዓመት ሦስቱ በአንድ ዓይነት አሟሟት ሞቱ። አውሮፕላኑ ፍጥነት ያጣል፤ ክንፉ አየሩን መያዝ ይተዋል፤ ከዚያ እንደ ደረቅ ቅጠል እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ የሚያቆመው መሬት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የበረራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ አወጣ፤ በእጅ የተሠራ አንድ አውሮፕላን በሹም ፊት ሆን ብሎ ሽክርክሪት ገብቶ በሰላም ካልወጣ በቀር፣ ከእንግዲህ ማንም በቤቱ አውሮፕላን እንዳይሠራ።

ሥራዬን ለፈተና አቀርባለሁ ያለው አንድ አናጺ ነው። የከተማው ሰው ስሙን ትቶ ውሃ ልክ ይለዋል። መደርደሪያ ስቀል ቢሉት ግድግዳው ተንጋዷልና ቤቱን አፍርሱልኝ የሚል፣ ሲያስነጥስ እንኳ ግራ ቀኙን ለክቶ ነው እየተባለ የሚቀለድበት ሰው ነበር። አውሮፕላኑን ከመጀመሪያዋ ቁራጭ እንጨት እስከ መጨረሻው ቫርኒሽ በገዛ እጁ ሠራው፤ መብረር ግን አልቻለም፤ መሰላል ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ዓለም ይዞርበታል።

የምትበረው ታናሽ እህቱ ነበረች። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ እሱ ነው ያሳደጋት፤ ቁመቷም ክብደቷም ትንሽ ስለሆነ ድንቢጥ ትባላለች። የክንፉን ሸራ የሰፋችው እሷ ናት፤ መብረርን ያስተማራት ደግሞ በጦርነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ ጡረተኛ የመቶ አለቃ ነው። አውሮፕላኑን አስቀድሞ ሊያበር የታሰበው ይኸው የመቶ አለቃ ነበር፤ ሞተሩ ከኋላ፣ በራሪው ከፊት ከአፍንጫው ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ የአውሮፕላኑ ሚዛን የተያዘው በእሱ ግዙፍ ገላ ነው። መሥሪያ ቤቱ በአንድ ዓይን አይበረርም ብሎ ፈቃዱን ሲነጥቀው ድንቢጥ ተተካች፤ እሷ ስትቀመጥ ግን አፍንጫው ቀለለ፣ ጅራቱ ከበደ። ውሃ ልክ የጎደለውን ክብደት መዝኖ በአንድ ከረጢት አሸዋ ሞላው፤ ከረጢቱንም ከእግር መርገጫዎቹ ፊት፣ በአፍንጫው ጫፍ፣ ከአንዲት ስስ መክደኛ በስተጀርባ አስቀመጠው። በዚህ ሚዛን ድንቢጥ ደጋግማ ሽክርክሪት ገብታ ደጋግማ ወጥታለች።

በፈተናው ዕለት ማለዳ ውሃ ልክ አውሮፕላኑን ሲወለውል እህቱ የቆዳ ቆብዋን እያሰረች መጣች።

«ወንድም ጋሼ፣ ልትድራት ነው እንዴ?»

«ሰው ሥራዬን ሊያይ ይመጣል።»

«ሰው የሚመጣው እኔን ሊያይ ነው።»

የመቶ አለቃው ከበርሜል ላይ ተቀምጦ ነበር። «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ ሰው የሚመጣው ስትወድቂ ሊያይ ነው። አታሳዪያቸው» አለ። ቀጥሎም እንደ ልማዱ ጠየቃት፤ «ሽክርክሪት ገባሽ። እጅሽ ምን ይልሻል?»

«ዘንጉን ሳቢ ይለኛል።»

«አንቺስ?»

«እገፋለሁ። በእግሬም ከምዞርበት በተቃራኒ እረግጣለሁ።»

«ጎሽ። መሬት ወደ ፊትሽ እየመጣ ዘንጉን ወደ መሬት መግፋት የጤነኛ ሰው ሥራ አይደለም፤ ጤነኞቹም የሞቱት ለዚሁ ነው። አንቺን የመረጥኩሽ ጤነኛ ስላልሆንሽ ነው።»

ድንቢጥ ሳቀች። ወንድሟ አልሳቀም፤ መክደኛዋን ከፍቶ የአፍንጫውን ውስጥ በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

ውሃ ልክ ሙያውን የተማረው ከአባቱ ነው። በአባቱ ቤት አንድ የማይጣስ ደንብ ነበረ፤ ዕቃ ለባለቤቱ በሚሰጥበት ዕለት ሞርሳው ይፈታል፤ መጫኛው ይነሣል፤ ሙጫ እስኪደርቅ ጣውላ የሚጫንበት የአሸዋ ከረጢትም ከሥራው ላይ ወርዶ ከግድግዳው ሥር ይደረደራል። ባለቤት ፊት የተረሳ መሣሪያ የአናጺ ነውር ነው። ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያደርግ ስለኖረ፣ እጁ የሚያደርገው ልቡን ሳያማክር ነበር።

ረፋዱ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሹም፣ አንድ ቀጭን ሻለቃ፣ ከሁለት ጸሐፊዎችና ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ደረሰ። የከተማው ሕዝብም ከአጥሩ ዳር ሞልቶ ነበር። ሻለቃው ጓንቱን አውልቆ ቫርኒሹን ዳሰሰ፤ ጎንበስ ብሎ ውስጡን ተመለከተ።

«እንደ ሙሽራ ቤት ነው። ከዚህ በፊት ያየኋቸው ውስጣቸው የአሮጌ ብረት ጉሮኖ ነበር። እጅዎ ይባረክ።»

«ያኑርልኝ፣ ክቡር ሻለቃ» አለ ውሃ ልክ፤ ፊቱም በራ።

ድንቢጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። መክደኛዋን ከፍታ አላየችም፤ ወንድሟ ያየውን ደግሞ ማየት፣ ፀሐይ ወጥታ እንደሆነ ለማረጋገጥ ፋኖስ እንደማብራት ነበር። ሞተሩ ተነሣ፤ አውሮፕላኑ መንገዱን ጨርሶ ከመሬት ለቀቀ።

ውሃ ልክ አንገቱን አቅንቶ ይከተላት ጀመር። ወደሚፈለገው ከፍታ ወጣች፤ ሞተሩን ቀነሰች፤ አፍንጫው ቀና አለ፤ አንድ ክንፍ ተንሸራተተና ሽክርክሪቱ ጀመረ። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ትእዛዙ የሚጠይቀው ይህን ያህል ነው፤ አሁን አፍንጫው ወደ ምድር ይደፋል፤ መሽከርከሩ ይቆማል፤ ቀና ትላለች።

አፍንጫው አልደፋም። ይልቁንም ወደ ላይ ተነሥቶ አውሮፕላኑ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ሆነ፤ በዚያው በቆመበት ቦታ እየዞረ ቀጥ ብሎ ይወርድ ጀመር። ሞተሩ ጠፋ። ድምፅ የሌለው ነገር ከሰማይ እየወረደ ነበር፤ ሕዝቡ የትርዒቱ ክፍል መስሎት ያጨበጭባል።

የመቶ አለቃው ከበርሜሉ ተነሣ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ጠፍጣፋ ገባች። አሸዋው አለ?»

«አለ» አለ ውሃ ልክ።

ይህን ካለ በኋላ እጁን አየ። በቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የአሸዋ ቅንጣት ነበረ። ዞር ብሎ ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ተመለከተ። ሞርሳዎቹ በየመጠናቸው ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸው ከረጢቶቹ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተመልሶ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ በመጨረሻም፣ ከሌሎቹ አነስ ያለው፣ አንገቱ እህቱ ክንፍ በሰፋችበት ክር የታሰረው ያ ከረጢት ቆሟል።

ክው ብሎ ቀረ። ከረጢቱን ማንሣቱን አላስታወሰም፤ ክብደቱን ግን ክንዱ አስታወሰ። ይጮህ ዘንድ አፉን ከፈተ፤ ምን ብሎ ይጩህ፤ ለማንስ? ከዚያች ቅጽበት በትዝታው የቀረለት የማይረባ ነገር ነበር፤ ከአጥሩ እንጨቶች አንዱ ጠማማ መሆኑንና ያን ያህል ጊዜ ሳያየው መኖሩን ልብ አለ።

«ወደ ፊት» ይል ነበር የመቶ አለቃው ለራሱ፤ «ወደ ፊት፣ ልጄ፤ ወደ ፊት።»

በዚህ ጊዜ በአውሮፕላኑ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ከመቀመጫው በላይ ይታይ የነበረው ትንሽ ጥቁር ቆብ ጠፋ። ወድቃለች ብሎ ውሃ ልክ ዓይኑን ጨፈነ፤ በገለጠውም ጊዜ አፍንጫው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ አየ፤ ቀጥሎም ባንድ ጊዜ ተደፋ። መሽከርከሩ ዘገየ፤ ቆመ፤ አውሮፕላኑ ወደ ምድር እንደ ተወረወረ ጦር ቁልቁል ሄደ፤ ከውሃው በላይ፣ ከአንድ ዛፍ ቁመት በማይበልጥ ከፍታ፣ ቀና አለ። ጎማዎቹ ረግረጉን ነኩ፤ ጭቃ ተረጨ፤ ቆመ።

ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ሮጠ። ውሃ ልክም ሮጠ፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሲደርስ ድንቢጥ በክንፉ ተደግፋ ቆማለች፤ ጉልበቷ ተልጦ ይደማል።

«ገፋሁ፤ እንቢ አለ» አለችው፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮው ተጠግታ። «መክደኛዋን በእግሬ ሰብሬ ከረጢቱን ፈለግሁት፤ የለም። ቀበቶዬን ፈትቼ እኔው ሄጄ በቦታው ተወሸቅሁ። ዘንጉን በክርኔ፣ መርገጫውን በጉልበቴ ነበር የያዝኩት።»

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለ ውሃ ልክ።

«አውቃለሁ፤ ሌላ ማን ያን ያህል ይጠርጋል?» ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ከንፈሯ አልታዘዛትም። «ዝም በል። ጋሼ፣ በሞተችው እናታችን፣ ዝም በል።»

ሻለቃው ጫማው በጭቃ ተለውሶ፣ ፊቱ በደስታ ቀልቶ ደረሰ።

«እኛ የጠየቅነው ሁለት ዙር ነበር፤ እርስዎ ግን፣ እመቤቴ፣ እስክንጠግብ አሳዩን! ጠፍጣፋ ሽክርክሪት ገብቶ የወጣ ትንሽ አውሮፕላን እስከ ዛሬ አላየሁም። ጻፍ» አለው ጸሐፊውን፤ «አውሮፕላኑ ፈተናውን ከሚፈለገው በላይ አልፏል፤ ንድፉ በመሥሪያ ቤቱ ታትሞ ለሚሠራ ሁሉ ይታደል።»

ሕዝቡ እልል አለ። አንድ ብስክሌት ጠጋኝ የክንፉን ጫፍ ይዞ ርዝመቱን በስንዝር ይለካ ጀመር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ውሃ ልክ ይህን ሰው አየው። ወፍራም አልነበረም፤ እንደ ድንቢጥ ቀጭን ነበር።

ወደ መጋዘኑ ተመለሰ፤ ከረጢቱን በደረቱ ታቅፎ መጥቶ ከሻለቃው እግር ሥር አስቀመጠው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሚዛኗ ነው፣ ክቡር ሻለቃ። ከአፍንጫው ውስጥ መሆን ነበረበት፤ ዛሬ ጠዋት ስጠርግ እኔ አወጣሁት። ያዩት ትርዒት አልነበረም፤ እህቴ እየሞተች ነበር። ከመቀመጫዋ ወርዳ በአሸዋው ቦታ ባትገባ ኖሮ አሁን የምንለቅመው ሬሳዋን ነው።»

ሻለቃው ድንቢጥን ተመለከተ። እሷ ወንድሟን ነበር የምታየው።

«ይህን ማንም አልጠየቀዎትም» አለ ሻለቃው።

«ይህች አውሮፕላን ከረጢቱ ካለ ትወጣለች፤ ከሌለ አትወጣም። እኔ የሠራኋት እንኳ ረሳሁት፤ ከጋዜጣ አይቶ የሚሠራት ሰው ማን ያስታውሰዋል?»

ሻለቃው ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። ጸሐፊውን «ሰርዝ» አለው፤ ቃሉም ከዚያ ቀደም ካለው ሁሉ ያነሰ ድምፅ ነበረው። የመቶ አለቃው በዚያች በቀረችው ዓይኑ ወደ መሬት አየ።

«ከሞት የመለስኳትን አውሮፕላን አንተ በቃል ገደልካት» አለች ድንቢጥ። «ስለ ከረጢቱስ ይቅር ብዬህ ነበር።»

ወንድሟ ከከረጢቱ አጠገብ ከጭቃው ላይ ተቀመጠ። እሷ አጠገቡ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ቆብዋን ፈትታ ብቻዋን ወደ ከተማው ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ በሌሎች ሰዎች አውሮፕላን ብዙ ዓመት በረረች፤ በወንድሟ ሥራ ግን ዳግመኛ አልተቀመጠችም። ቤታቸው ተመላልሰዋል፤ ተጠያይቀዋል፤ ስለዚያች ረፋድ ተነጋግረው አያውቁም።

በማግሥቱ የወጣው ጋዜጣ «በሰማይ የጨፈረችው ድንቢጥ» ብሎ ጻፈ፤ ጋዜጠኛው ከረጢቱ ሳይመጣ ወደ ማተሚያ ቤት ሮጦ ነበርና። ማስተካከያ አልወጣም። ስለዚያ ዘመን በረራ የተጻፉ መጻሕፍትም ወሬውን ከጋዜጣው ቀድተው እያስዋቡ ተቀባበሉት፤ በአንዱ ውስጥ ዙሩ አሥራ ሁለት ደርሷል። መሥሪያ ቤቱ ከጊዜ በኋላ በእጅ የተሠሩ አውሮፕላኖችን ሲፈቅድ፣ ሚዛን የሚጠብቅ ማናቸውም ክብደት በብሎን ይታሰር፤ በራሪውም ከመነሣቱ በፊት በገዛ እጁ ይዳስሰው የሚል አንቀጽ ጨመረ። አንቀጹ ከየት እንደ መጣ አይናገርም፤ በእርሱ ምክንያት በሕይወት የኖሩትም ሰዎች፣ ያልደረሰባቸውን ነገር ማንም ሊያውቅ አይችልምና፣ በማንም አልተቈጠሩም።