ሳልጠይቀው የፈረምኩለት

«ደግሞ ምን ጎደለ አሉ?» አለች መቅደላዊት፣ ከጓደኛዋ ከምስጢር ኋላ አንገቷን አስግጋ።

ምስጢር በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የመጣላትን መልእክት ለሦስተኛ ጊዜ እያነበበች ነበር።

የክፍላቸው ልጅ አንዱዓለም የሠራት እርማት አራት መስመር ኮድ ብቻ ናት። ማንም በነፃ የሚጭነው፣ የቻለ ሁሉ የሚያሻሽለው አንድ የስልክ ቀን መቁጠሪያ ጳጉሜን ስድስትን ይዘላል፤ እሱ አቃናው። ከዚያ አባቱ ታመው ወደ ደባርቅ ገጠር ሄደ፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። «በናትሽ አንቺ ላኪልኝ» ብሏት ነበር ሲሄድ። እርማቷ እስከ ዐርብ ተቀባይነት ካገኘች ስሙ ከተባባሪዎቹ ዝርዝር ይገባል፤ ያን ካላሳየ የአዲስ አበባው የክረምት ሥልጠና አይቀበለውም። ዛሬ ዐርብ ነው።

ቀላል መስሏት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያው አዘጋጆች የእርማቷ ርእስ ረዘመ ብለው መለሱባት። አሳጠረችው። ቀጥሎ ሌላ ስሕተት አብራ ማረሟ ጥፋት ሆነ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚላከው አሏት። ለየችው። በመጨረሻ የፊርማ ነገር መጣ፦ የሠራው ሰው ከግርጌ ሙሉ ስሙን ጽፎ «ሥራው የራሴ ነው» ማለት አለበት። እሷም የእሱን ስም ጽፋ ፈረመችለት። አባቷ መሪጌታ ህሩይ፣ በሰፈራቸው በቁስቋም የዕድር መዝገብ ላይ መጻፍ ለማይችሉ ሽማግሌዎች ሲፈርሙ ነው የኖሩት። ክፋት ይኖረዋል ብላ አላሰበችም።

የተላከው ግን ከእሷ አድራሻ ነው፤ አሁን የመጣው ጥያቄ አጭር ነው። «አንዱዓለም እርስዎ ነዎት?»

«አዎ በያ!» አለች መቅደላዊት። «ማን ያይሻል?»

«ውሸት ነዋ።»

«ለሱ ብለሽ እኮ ነው! ምነው እንዲህ ፋራ ሆንሽ?»

ምናልባት ወደ ከተማ ወጥቶ እንደሆነ ብላ ምስጢር ለአንዱዓለም እንደገና ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። አዎ ብትል የማይሽር ውሸት በስሙ ልታስቀምጥበት ነው፤ አይ ብትል ልጁ የለፋበት በእሷ እጅ ሊቀር ነው። የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ክፍሉ ሊዘጋ ደግሞ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።

«አይደለሁም» ብላ ጻፈች። «ስሜ ምስጢር ህሩይ ነው። ሥራው የእሱ ነው፤ ሳልጠይቀው ፈረምኩለት። እባካችሁ ጥቂት ቀን ጠብቁት።»

መልሱ ወዲያው መጣ። ስለ እውነቱ አመሰገኗት። ቀኑን ግን ማራዘም አይችሉም፤ ሲመለስ ራሱ ፈርሞ ይላክ፣ ለሚቀጥለው እትም ይደርሳል።

«ሥልጠናው ቀረበት በቃ» አለች መቅደላዊት ቦርሳዋን አንስታ፤ የቅድሙ ጉልበት ከድምፅዋ ጠፍቷል።

ምስጢር ኮምፒውተሩን አጠፋችው። እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። አንዱዓለም ሰኞ በደባርቅ መኪና ይመጣል። ምን እንደምትለው ገና አላወቀችም። ከጠዋት ጀምራ መናኸሪያ ቆማ ልትጠብቀው ግን ወሰነች፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው።