ቀስ ብሎ የማይዘጋው በር

አባ ቀስታ ሞቶ የተገኘው በገዛ እጁ በሠራው ሚኒባስ ውስጥ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ መነጽሩን ደረት ኪሱ ከትቶ ተቀምጧል። ላየው ሰው ምሳውን በልቶ ሸለብ ያደረገው ነው የሚመስለው። እግሩ ሥር ግን አመድ የሞላ የከሰል ማንደጃ ነበር። መስኮቶቹ ሁሉ ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል።

«አደጋ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «የኮርኒሱን ማስቲሽ ለማድረቅ ከሰል አስገባ፣ እንቅልፍ ጣለው። ከሰል ደግሞ ሳይታወቅ ነው የሚወስደው።»

ኢንስፔክተሯ መስኮቶቹን አንድ በአንድ በእጇ ዳሰሰች። አጠር ያለች፣ ጥያቄዋ ጥቂት፣ የሥራ ባልደረቦቿ «እጇ ከዓይኗ ይቀድማል» የሚሏት ሴት ናት። አስከሬኑ ከወጣ በኋላ የተሳፋሪውን በር ይዛ ቀስ ብላ ገፋችው። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ከውስጥ አንድ የማይታይ እጅ የገፋው ይመስል ተመለሰ። ደገመችው። አሁንም ተመለሰ። በሦስተኛው በሁለት እጇ ወረወረችው። ድው! ብሎ ሲዘጋ የጋራዡ ቆርቆሮ ጣሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከወደ ጥጉም አንዲት ሴት ጮኸች።

የጮኸችው ወንበር ሰፊዋ ነበረች። ጠዋት ሥራ ስትገባ አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ናት።

«ይቅርታ ልጄ» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች። «እዚህ ግቢ በር እንዲህ አይዘጋም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አባ ቀስታ በር የወረወረ ሰው ባየ ቁጥር ‹ቀስ! በር በጉልበት አይዘጋም!› ይል ነበር። ስሙም ከዚያ ወጣለት።»

ኢንስፔክተሯ አንዱን መስኮት ስንዝር ያህል ዝቅ አደረገችና በሩን በአንድ ጣቷ ነካ አደረገችው። ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ከዚያ መስኮቱን መለሰችና ማንም መኪናውን እንዳይነካ አዘዘች።

ግቢው ትንሽ ነው። የሚኒባስ አካል ይሠራበታል፤ የሚሠሩትም አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቆርቆሮውን አባ ቀስታ፣ ወንበሩን ሰፊዋ፣ ቀለሙን ቀቢው ይሠራሉ፤ ቢሮውንና ደንበኛውን ደግሞ የአባ ቀስታ ታናሽ ወንድም ይይዛል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ታናሽዬውን ነበር። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል፤ ለቅሶውም የውሸት አልነበረም።

«ወንድም ጋሼ ለእኔ አባቴ ነው» አለ። «አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ድሮኛል።»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ትናንት ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል። ከቢሮዬ መስኮት ነው ያየሁት። ማንደጃውን ይዞ ገባ፣ ተቀመጠና በሩን በአንድ እጁ ሳብ አድርጎ ዘጋው።»

«እንዴት አድርጎ ዘጋው?»

«እንደ ልማዱ ነዋ። ቀስ አድርጎ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም።»

«ከሰል ይዞ ሲገባ ዝም አሉት?»

አንገቱን ደፋ። «እሱን የሚናገረው ማን አለ፣ ኢንስፔክተር? ከልጁ ነገር ወዲህ ከሰው ጋር አይገጥምም ነበር።»

የልጁን ነገር የነገረቻት ወንበር ሰፊዋ ናት። ስፖንጅና ጨርቅ በተከመረበት ክፍሏ ውስጥ፣ ለኢንስፔክተሯ ያልተሰፋ መቀመጫ ጎትታ ሰጠቻትና እሷ ቆመች።

«ተቀመጪ እንጂ፣ እትዬ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ መቀመጫ ስሰፋ ተቀምጬ አላውቅም፣ ዛሬ ልጀምር?» አለች፤ ልትስቅ ሞክራ ግን እንባዋ ቀደማት። «ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የአባ ቀስታ ልጅ እዚሁ የተሠራ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ኩርባ ላይ የተሳፋሪው በር ተከፈተ። በሩ ዳር የተቀመጠችው ሴት ወደቀች። ሞተች። የዚህ የቀቢያችን ሚስት ነበረች።»

«በሩ ለምን ተከፈተ?»

«በደንብ አልዘጋኸውም ተብሎ በልጁ ተፈረደበት። አንድ ዓመት ታሰረ። ሲፈታ አባቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ‹በር መዝጋት ያቃተው ልጅ ከእኔ ቤት አይገባም› አለው። ልጁ ከደጁ ተመልሶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አባ ቀስታ ማታ ማታ በኪኒን ካልሆነ እንቅልፍ አልወስድ አለው። ቀን ቀን ደግሞ የሠራውን መኪና በር ሲከፍት ሲዘጋ ይውል ነበር። አንዳንዴ የሚሰማው ሰው ያለ ይመስል ‹ዘግቻለሁ፣ ይኸው ዘግቻለሁ› ይል ነበር። ቀቢው ያንን ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ይወጣል።»

«ትናንትና ምሳ ሰዓት ላይ ምን ሰማሽ?»

ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መጀመሪያ በር ተገፍቶ እንደ መመለስ ያለ ድምፅ። ከዚያ ድው! ቅድም አንቺ የወረወርሽው ዓይነት። መንፈስ መስሎኝ አማተብኩ። ወጥቼ እንኳ አላየሁም። ወጥቼ ባየሁት ኖሮ!»

ቀቢውን ከግቢው ጓሮ፣ አንድ አሮጌ ሚኒባስ አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው። እጁ እስከ ክርኑ ነጭ ቀለም ነክቶታል። ያ አሮጌ ሚኒባስ ሚስቱ የወደቀችበት ነው። ከአራት ቀን በፊት ለጥገና መጥቶ፣ የኋላ ማዕዘኑ የውስጥ ልባስ ተፈቶ እንደ ተከፈተ ቁስል ይታያል።

«ማን ፈታው?»

«ጋሼ ነዋ፣ አባ ቀስታ። ብቻውን ፈታው። እኔ መኪናውን ማየት ስላልቻልኩ ሸሽቼ ነበር። ከዚያ መጣና በሁለት እጁ እጄን ያዘኝ። አለቀሰ። ‹እስከ ቅዳሜ ታገሠኝ፣ ሁሉንም እነግርሃለሁ› አለኝ። ቅዳሜ ነገ ነው።»

«ትጠላው ነበር?»

ቀቢው ክርኑ ላይ የደረቀውን ቀለም ፋቀ። «ልጁን ነው የምጠላው። አባትየውን ለመጥላት ሞክሬ አልሆነልኝም።»

«አዲሱን መኪና ትናንት ጠዋት አይተኸዋል?»

«አራት ሰዓት ላይ ሦስታችንንም ጠርቶ አሳየን። መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ በሩን በአንድ ጣቱ ነካው፤ ጠቅ አለ። ‹በር ሲመጣ አየር እየገፋ ነው የሚመጣው› ይላል ሁልጊዜ። ‹አየሩ መሄጃ ካጣ በሩን መልሶ ይገፋዋል። መቆለፊያው ሁለት ጥርስ አለው፤ አንደኛውን ብቻ ነክሶ ይቀርና የተዘጋ ይመስልሃል።› ለዚህ ነው ከኋላ ማዕዘኑ ላይ የአየር መውጫ የሚያበጀው። የጎማ ምላስ አለው፤ አየሩ ሲገፋው ይከፈታል፣ ሲተወው ይከደናል።»

ኢንስፔክተሯ በአሮጌው መኪና በተፈታው ማዕዘን እጇን ሰደደች። ጣቷ የነካው የጎማ ምላስ አልነበረም። ለስላሳ ነገር ነው። ስባ አወጣችው፤ የሦስት ዓመት አቧራ የጠጣ፣ በማስቲሽ የተለጠፈ ስፖንጅ ነበር።

ወደ አዲሱ ሚኒባስ ተመልሳ፣ ሟቹ ከተቀመጠበት ወንበር ጀርባ ያለውን ልባስ በካቻቢቴ ፈታች። እዚያም ስፖንጅ አለ። አዲስ ነው፤ ማስቲሹ ገና ይሸታል። አልነቀለችውም። ልባሱን እንደነበረ መልሳ አሰረችው።

ያን ማታ ከሐኪም ስልክ ተደወለላት። ሟቹን የገደለው የከሰሉ ጭስ ነው፤ ነገር ግን ሆዱ ውስጥ ከሻይ ጋር የተቀላቀለ የእንቅልፍ ኪኒን ተገኝቷል። ኪኒኑ የራሱ ነው፤ ቢሮው በር ላይ በሚንጠለጠለው ኮቱ ኪስ ይቀመጣል። ሻዩ ደግሞ ሁሉም ከሚቀዳበት ፔርሙስ ነው። ሦስቱም ሻዩ ውስጥ ሊጨምሩት ይችሉ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም አዲሱ ሚኒባስ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ነፋስ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ማንም ማንን አያይም።

«ከሁላችሁም የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አለች። «ተራ በተራ ገብታችሁ ሟቹ በተቀመጠበት ወንበር ትቀመጣላችሁ፤ ከዚያ በሩን ትዘጋላችሁ። ሌላ ነገር የለም።»

ወንበር ሰፊዋ ቀድማ ገባች። በሩን ቀስ አድርጋ ሳበችው። ተመለሰ። ግራ ገብቷት ዞር ዞር ብላ አየች፤ ደግማ ሳበችው፤ ተመለሰ። «ምን ሆኖ ነው? ከትናንት ወዲያ በጣት ይዘጋ የነበረው!»

ቀቢው ገባ። እሱም ቀስ አድርጎ ሳበው። በሩ ሲመለስበት እጁን እሳት እንደነካው ሁሉ ሰብሰብ አደረገ። «የአየር መውጫው!» አለ ለራሱ።

ታናሽዬው ወደ በሩ ሊሄድ ሲል ኢንስፔክተሯ ዓይኑን ትከታተል ነበር። ገባ፣ ተቀመጠ፣ ወዙን ጠረገ። ሴትየዋም ቀቢውም በሩን ሲሞክሩ አላያቸውም፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። እጀታውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ወደ ኋላ ተለጠጠና በሩን በሙሉ ጉልበቱ ሳበው።

ድው!

ጣሪያው እየተንቀጠቀጠ ቆየና ዝም አለ። ኢንስፔክተሯ በሩን ከፈተችለት።

«ሁለቱ ሰዎች በሩ በጣት እንደሚዘጋ ነው የሚያውቁት» አለች በረጋ ድምፅ። «አራት ሰዓት ላይ በዓይናቸው አይተዋል። እርስዎም አብረዋቸው አይተዋል። ሠላሳ ዓመት በር በማይወረወርበት ግቢ ውስጥ ኖረው፣ ይህ በር ካልተወረወረ እንደማይዘጋ ማን ነገረዎት?»

«እነሱ ሲሞክሩ አይቼ…»

«ሲያዩ አላየሁዎትም። ይሁን፣ እሱን እንተወው። ሟቹ በሩን በአንድ እጁ፣ ያለ ድምፅ ሲዘጋው አየሁ ብለዋል። ስፖንጁ የተጠቀጠቀው እሱ ከተቀመጠበት ወንበር ጀርባ ነው፤ ሰው ተቀምጦበት ያንን ልባስ መፍታት አይቻልም። እንግዲያው አየር መውጫው የተደፈነው እሱ ከመግባቱ በፊት ነው። መስኮቶቹ ደግሞ ተዘግተዋል። እርስዎ አየሁ ያሉትን ነገር ማንም ሰው ሊያደርገው አይችልም። በሩ የተዘጋው ተወርውሮ ነው፤ እትዬ ሰምታዋለች። የወረወረው ሰው መጀመሪያ ቀስ አድርጎ ሞክሮ ተመልሶበታል፤ እሷ ያንንም ሰምታለች። የተኛው ሰው በዚያ ድምፅ አልነቃም፤ ሻዩ ውስጥ ኪኒኑ ነበረና።»

«ስፖንጅ የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነው!» አለ ታናሽዬው ወደ ሰፊዋ እየጠቆመ።

ወንበር ሰፊዋ ኢንስፔክተሯ የዘረጋችላትን የአሮጌውን መኪና ስፖንጅ ተቀብላ ዳሩን በጣቷ ዳሰሰችው። «ይሄ በእጅ የተቦጨቀ ነው» አለች። «እኔ ስፖንጅ ቦጭቄ አላውቅም። ማስቲሹም ከመብዛቱ የተነሳ ፈሷል። ሙያ የሌለው ሰው ሥራ ነው።»

«የአሮጌውንና የአዲሱን አየር መውጫ የደፈነው አንድ እጅ ነው፤ የአዲሱን የደፈነው ጭሱ መውጫ እንዳያገኝ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «አባ ቀስታ ከአራት ቀን በፊት ያንን አገኘ። ማን እንዳደረገውም አወቀ። ዛሬ ሊናገር ነበር።»

ታናሽዬው ከሚኒባሱ መረገጫ ላይ ተቀመጠ። ለመናገር ሲጀምር የሚያወራው ከማንም ጋር አልነበረም።

«ደንበኞች በዚያ በኩል አቧራ ይገባል እያሉ አስቸገሩኝ። ለወንድም ጋሼ ብነግረው እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። መኪናው ሊወጣ ሲል ገብቼ ደፈንኩት። ስፖንጅ ናት፣ ምን ታደርጋለች አልኩ። ከዚያ ሴትየዋ ወደቀች። የወንድሜ ልጅ ሲፈረድበት ፍርድ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። በማግሥቱም ዋጥኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ በር በተዘጋ ቁጥር እሷ ስትወድቅ እሰማለሁ። ወንድም ጋሼን እስክሞት ድረስ ዝም በለኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ልጄን ያለ ጥፋቱ ከቤቴ አባረርኩት፣ አሁን አንተ ደግሞ ዝም በል ትለኛለህ?› አለኝ። ያኔ ነው ኪኒኑን ሻዩ ውስጥ የጨመርኩት፤ ሲተኛ ማንደጃውን አስገብቼ በሩን ዘጋሁት።»

ቀቢው ተነሣ። ሁሉም ይመታዋል ብለው ጠበቁ። አልመታውም። ፊቱን ብቻ አንዴ አየውና ጀርባውን ሰጠው። ታናሽዬው በፖሊሶች መሃል ሆኖ ግቢውን ሲወጣ፣ ወንበር ሰፊዋ የምትሰፋው ነገር ሳይኖራት መርፌና ክር ይዛ ቆማ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ከኪሷ ስልክ አወጣች። የሟቹ ስልክ ነው። በሞተበት ቀን ጠዋት ወደ አንድ ቁጥር አስራ አንድ ጊዜ ደውሏል፤ አንዴም አልተነሣለትም። እሷ በራሷ ስልክ ወደዚያው ቁጥር ደወለች። በሦስተኛው ጥሪ የወጣት ድምፅ መለሰ። ማን እንደሆነች፣ ምን እንደተፈጠረ፣ ማን እንዳደረገው በአጭሩ ነገረችው።



«አባቴ…» አለ ወጣቱ። «አወቀ? እኔ እንዳልሆንኩ?»

«አወቀ። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አንተን ነበር የሚፈልገው።»

«ሲደውል አይቼዋለሁ። ሊሰድበኝ መሰለኝ» አለ። «ለቀብር እንዴት እመጣለሁ? እዚያ… የእሷ ባል አለ። በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ቀቢው ይህን ሰማ። የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ነበር። ቀለም የጠጣ እጁን በሱሪው ጠረገና ዘረጋ።

«ስጪኝ» አለ።

ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። 

«እኔ ነኝ» አለ። «ባሏ ነኝ። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። በጠዋቱ መኪና ና። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»